ቫርኒሹ ለምን ነጭ ነጭ አለ?

ጥያቄ፦ የድሮውን የምድር ባቡር ሞዴል ሠርቼ ቀለም ቀባሁት። የማያብለጨልጭ የስፕሬይ ቫርኒሽ ስነፋበት ግን ነጭ ነጭ አለ፣ ሲነካም ይሻክራል። አለቀለት ማለት ነው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይዞህ፣ ብዙ ጊዜ ይድናል። በድሬ የቀትር ሙቀት፣ በተለይ ከሩቅ ከነፋኸው፣ ቫርኒሹ ሞዴሉ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እንደ ዱቄት ይለጠፋል። የሚሻክረው ለዚህ ነው። በደንብ ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርገውና የሚያብለጨልጨውን ቫርኒሽ በስሱ ደርብበት፣ ንጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ የማያብለጨልጨውን ድገመው፤ ግን በማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ጣሳውን በደንብ ነቅንቀህ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀህ። ባንዴ አታጥግበው! ስስ ስስ አድርገህ ደጋግመው። ዝናብ የጣለ ቀን ግን ተወው፣ እርጥበትም ያነጣዋል።