ነጭ መሆኑ ብቻውን የ1979 አያደርገውም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። መልሱ ረዘም ስለሚል ቤት እስክገባ አቆየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው ብለሃል፦ አንድ ሻጭ ባውሃውስ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ «ቤላ ሉጎሲስ ዴድ» የሚል ዘፈን በነጭ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ይዞ «የመጀመሪያው ህትመት ነው፣ የ1979» እያለ ጠንከር ያለ ዋጋ ጠይቆሃል። ሦስት ፎቶም ልኮልሃል። በምን ልወቅ ነው ጥያቄህ። ከኔ በፊት የመለሰልህ ሰው «ነጭ ከሆነ አለቀ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ብሏል። ይቅርታ ያድርግልኝና ዓይንህን ጨፍነህማ አትግዛ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ነጭ ከሆነ አለቀ» የሚለው አባባል ከባዶ አልመጣም። የባንዱ ልጆች የእንግሊዟ ኖርዝሃምፕተን ልጆች ናቸው። አብረው መጫወት ከጀመሩ ገና ጥቂት ሳምንታት ሲሆናቸው፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1979 ዌሊንግቦሮ በሚባል ከተማ ቤክ ስቱዲዮ ገብተው በስድስት ሰዓት ውስጥ ቀድተው ወጡ። ዘፈኑ ከዘጠኝ ደቂቃ ተኩል በላይ ነው፤ ያን ያህል የሚረዝም ነጠላ ዜማ የሚያሳትም ሰው በቀላሉ አይገኝም። እሺ ያላቸው ስሞል ወንደር ነው፣ ምሥራቅ ለንደን ዋልተምስቶው ውስጥ ሆ ስትሪት ላይ የነበረ፣ ፒት ስቴኔት የሚባል ሰው የሚያስተዳድረው የሸክላ ሱቅ። ሱቁ በራሱ ስም ሸክላ ያሳትም ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ «ቲኒ 2» በሚል የህትመት ቁጥር ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ 5,000 ቅጂዎችም ነጭ ነበሩ። ከዚያ ጥቁር መጣ፣ በኋላም የተለያየ ቀለም እየተጨመረ ለዓመታት ታተመ።

ስለዚህ ነጭ መሆኑ ጥሩ ጅምር ነው። ግን አስበው፣ ነጭ ጥሬ ዕቃ ማሽኑ ውስጥ የጨመረ ማንኛውም ፋብሪካ ነጭ ሸክላ ያወጣል። ይሄን ሸክላ አስመስሎ መሥራት የሚፈልግ ሰውስ በምን ቀለም የሚሠራው ይመስልሃል? በሐምራዊ?

ቀለሙን ለጊዜው ተወውና ሸክላውን ገልብጠህ ዘፈኑ አልቆ መርፌው ወደ ሌብሉ (መሃል ላይ ወደተለጠፈው ክብ ወረቀት) የሚንሸራተትበትን ባዶ ቀለበት እይ። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ወይም በማሽን የተመታ ፊደልና ቁጥር አለ፤ ማትሪክስ የሚሉት እሱን ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ድረስ ያውቃል። የሚሳሳተው ጽሑፉ ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር ላይ ነው፤ እሱን ለመረዳት ደግሞ ሸክላ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ግድ ነው።

ድምፁ መጀመሪያ የሚቀረጸው ላክር የሚባል ቫርኒሽ መሰል ነገር የተቀባ የአሉሚኒየም ሰሃን ላይ ነው። ቀራጩ ሥራውን ሲጨርስ በስለት የህትመቱን ቁጥር ይጭርበታል፤ አንዳንዱ ቀልድም ይጨምራል። እንግሊዝ አገር ጆርጅ ፔካም የሚባል ዝነኛ ቀራጭ «ኤ ፖርኪ ፕራይም ከት» እያለ ይፈርም ነበር፤ የዚያን ዘመን ሸክላ የምትሰበስብ ከሆነ ደጋግመህ ታየዋለህ። ያ ሰሃን ብር ይረጭበትና ኒኬል ይለበጣል። ተላጦ የሚወጣው ግልባጭ ብረት «አባት» ይባላል። ከአባት «እናት» ትወጣለች፣ ከእናት ደግሞ ፕላስቲኩን የሚጫነው ማተሚያ። ማተሚያው ከተወሰነ ቅጂ በኋላ ይደክማል፣ ይጣላል፤ እናትየው ካለች ግን ሌላ ማተሚያ ይወጣላታል።

አየህ ነገሩን? ላክሩ ላይ በ1979 የተጫረው ጽሑፍ እናትየው እስካለች ድረስ በ1985 በታተመ ሸክላ ላይም ቁጭ ሊል ይችላል፣ ያውም ፊደል በፊደል፣ ያው የእጅ ጽሑፍ። ስለዚህ ማትሪክሱ ከታወቀው የመጀመሪያ ህትመት ጋር ካልገጠመ ጉዳዩ እዚያው ላይ ይዘጋል፣ አትግዛ። ከገጠመ ግን ያረጋገጥከው ከየትኛው ቅርጽ (ከየትኛው ላክር) እንደወጣ ብቻ ነው፤ መቼ እንደታተመ ገና አላወቅህም።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፣ እኔ በግሌ በጣም የምወዳትን። ላክሩ ላይ የተጻፈ ነገር ሸክላው ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ የገባ ይሆናል። ግልባጩ ብረት ላይ የተጻፈ ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣትህን ስታሳልፍ ይኮሰኩስሃል። ሁለቱ የተጻፉት በተለያየ ደረጃ ነው፣ ብዙ ጊዜም በተለያየ ሰው እጅ። ሁለት ሸክላ ያው ቁጥር ኖሮት አንዱ ላይ ተጨማሪ የሚኮሰኩስ ምልክት ካለ፣ ከአንድ ቅርጽ በተለያየ ማተሚያ የወጡ መሆናቸውን ጠርጥር።

አሁን ችግሩ ነጭ ሸክላ ላይ ይሄ ጽሑፍ አይታይም! ጥቁር ላይ የስልክ መብራት በአግድም ብታበራ ጥላው ፊደሉን ያወጣልሃል። ነጭ ላይ ጥላው ራሱ ነጭ ነው። ሻጭህ የላከው ሦስተኛ ፎቶ ምንም የማያሳየው ለዚህ ይሆናል፣ ወዲያው ሌባ ነው አትበል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ኬክ የሚጋገርበትን ስስ ወረቀት ጣት በምታህል ስፋት እቆርጥና ባዶው ቀለበት ላይ አስተኛለሁ። ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዤ ለስላሳ እርሳስ ጎኑን አስተኝቼ ሳልጫን እደባብሰዋለሁ። መጀመሪያ ግራጫ ደመና ነው የሚሆነው። ከዚያ ከደመናው ውስጥ የ«ቲ» አግዳሚ መስመር ነጭ ሆና ትወጣለች፣ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ። ልጄ ትንሽ እያለች «አባዬ ድግምት እየሠራ ነው» ትል ነበር። ወረቀቱ ዘፈኑ ያለበትን ቦይ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቅ። ሻጩ ይሄን አድርጎ ፎቶ አንስቶ ቢልክልህ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። እምቢ ካለ ለምን እምቢ እንዳለ ጠይቀው።

የተገኘውን ጽሑፍ ከዲስኮግስ (የሸክላ ህትመቶች ከተዘረዘሩበት ድረ ገጽ) ጋር ስታስተያይ ሰው ከተየበው ይልቅ የተለጠፈውን ፎቶ እመን። እዚያ መረጃ የሚያስገባው እንደኛ ያለ ሰው ነው፤ አንዱ የአንድ ቁጥርን እንደ ፊደል ያነባታል፣ ሌላው ተሰርዞ የተጻፈውን ሳይጠቅስ ያልፋል። የተሰረዘች ፊደል ደግሞ አንዳንዴ ከቁጥሩ የበለጠ ትናገራለች።

እንግዲህ ዘመኑን ማን ይናገር? ወረቀቱ ነው የሚናገረው፣ ማለትም ሌብሉና ካቨሩ። ባርኮድ ካለበት የ1979 የስሞል ወንደር ካቨር አይደለም፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። የአከፋፋይ ስም ሆኖ «ዘ ካርቴል» ከተጻፈበትም አይደለም፤ ካርቴል የትናንሽ አከፋፋዮች ኅብረት ሆኖ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። የስልክ ቁጥር ካለ የለንደን መነሻ 01 መሆኑን እይ፤ 071 ወይም 081 የመጣው በ1990 ነው። ይሄ የስልክ ዘዴ ለዚህ ሸክላ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የለንደን ሸክላ ይሠራል፣ ያዘው።

ካቨሩ ላይ ቆም እንበል፣ እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ስለሆነ። የፊቱ ፎቶ «ዘ ሶሮውስ ኦቭ ሳታን» ከሚባል የ1926 ድምፅ አልባ ፊልም የተወሰደ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ያውም ጥቁሩ የበዛበት። እንዲህ ዓይነት ሥዕል ለአስመሳይ ምቹ ይመስላል፣ ቀለም ማስተካከል የለም፤ የሚያጋልጠውም ያው ጥቁሩ ነው። የመጀመሪያው ካቨር የታተመው ከፎቶው ነው። የአስመሳዩ ግን ከታተመ ካቨር ላይ እንደገና ፎቶ ተነስቶ ወይም ስካን ተደርጎ ነው። የህትመት ነጠብጣብ ላይ ሌላ ነጠብጣብ ሲደረብ በማጉያ መነጽር ስታየው ሞገድ የመሰለ ዝብርቅርቅ ይሠራል፣ ጨለማው ውስጥ የነበረው ዝርዝር ደግሞ ወደ አንድ ወጥ ጥቁር ይቀየራል።

ከአሥር ዓመት በፊት ይሆናል፣ እዚህ ለንደን ከአንድ የቅዳሜ ገበያ ነጩን ገዛሁ። ሻጩ ጨዋ ሽማግሌ ነው፣ ሻይም ጋበዘኝ። ሸክላውን መስኮት አጠገብ ወስጄ አገላብጬ አየሁት፣ ጽሑፉን ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፣ ልክ ነው። ካቨሩን ግን ላስቲክ ውስጥ እንዳለ ነው ያየሁት። ቤት ገብቼ ላስቲኩን አወለቅሁ። ወረቀቱ ለእጄ ቀለለኝ፣ ሳሸተው አዲስ ቀለም ይሸታል። የኔን ካቨር ከጓደኛዬ ካቨር ጎን ሳስቀምጠው የሱ ጥላ ውስጥ እጥፋትና ቅርጽ ይታያል፣ የኔው ከሰል ነው። ሸክላው እውነተኛ፣ ካቨሩ ኮፒ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ሰውዬው ሳይቆጣ «እኔ የሸጥኩልህ ሸክላ ነው፣ ወረቀት አይደለም» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሸክላውንና ካቨሩን እንደ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ለየብቻ ነው የምጠይቃቸው፤ አንዱ እውነት ስለተናገረ ሌላውን አላልፈውም።

ሁለቱ አብረው ያረጁ መሆናቸውንም እይ። ካቨሩ ላይ ሸክላው ለዓመታት እየተጫነ የሠራው ክብ ጠባሳ ካለ ሸክላው እንደ መስታወት ሲያበራ ማየት የለብህም። በተቃራኒውም እንደዚያው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበል። ሌብሉ ላይ ማሽኑ የተጫነበት ክብ ጎድጓዳ መስመር አለ፣ ስፋቱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያል። ሻጩ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ ፎቶ ያንሳልህና በእርግጠኝነት ከሚታወቅ ቅጂ ጋር አስተያየው። ክብደቱንም መጠየቅ አይከፋም፤ እኔ የባለቤቴን የበርበሬ ሚዛን ነው የምጠቀመው (እሷ አታውቅም)። 180 ግራም የሚባለው ወፍራም ሸክላ የቅርብ ጊዜ ፋሽን ስለሆነ ያን ያህል ከከበደ ተጠራጠር። የዘፈኖቹን ዝርዝርም አንብብ፦ ከጀርባው መኖር ያለባቸው «ቦይስ» እና «ዳርክ ኤንትሪስ» ናቸው። «ሃሪ» ወይም «ባይት ማይ ሂፕ» የሚል ካየህ እሱ በ2018 ሊቪንግ ሪከርድስ ያወጣው፣ የዚያን ቀን ቅጂ ሙሉ አምስት ዘፈን የያዘው ነው። ጥሩ ሸክላ ነው፣ እኔም አለኝ፣ ግን በ1979 ዋጋ አይሸጥም።

ይሄ ሁሉ ድካም ለሁሉም ሸክላ አይደለም። የዚሁ ባንድ «ዳርክ ኤንትሪስ» በ1980 ለብቻው ሲወጣ መጀመሪያ አክሲስ በሚባል የአሳታሚ ስም ነበር። ስሙን ሌላ ይዞት ስለነበር ድርጅቱ ወዲያው ፎር ኤ ዲ ተባለ፤ ስለዚህ ሌብሉን ማንበብ የሚችል ሰው የቱ እንደሚቀድም ያውቃል። ኒው ኦርደር የሚባለው ባንድ «ሴረሞኒ» ባለ 12 ኢንቹ ደግሞ ሁለት የተለያየ ቅጂ ነው፣ ሁለተኛው ጊሊያን ጊልበርት ባንዱ ውስጥ ከገባች በኋላ እንደገና የተቀዳ። አረንጓዴውን ካቨር የገዛ የመጀመሪያውን ገዛሁ ብሎ ከመተኛቱ በፊት መርፌውን ያስቀምጥና በጆሮው ያረጋግጥ። የዚሁ የኒው ኦርደር «ብሉ ማንደይ»ን በተመለከተ ሰዉ ሁሉ የካቨሩን ቀዳዳዎች ነው የሚቆጥረው። ቀዳዳ ያለው ካቨር ውስጥ ማንም የፈለገውን ሸክላ መክተት ይችላል፣ ብዬ ልለፈው።

ወደ አንተ ሸክላ ስመለስ፣ ከላከልህ ሦስት ፎቶ የመጀመሪያው የካቨሩ ፊት ነው፣ ሁለተኛው ሸክላው ከሩቅ፣ ሦስተኛው ብልጭታ የበላው ባዶ ቀለበት። በነዚህ ላይ ማንም ሰው አዎም አይደለምም ሊልህ አይችልም። እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ የሁለቱንም ጎን ማትሪክስ በእርሳስ ደባብሶ፣ ሌብሎቹን ቀጥ አድርጎ ከላይ ከማስመሪያ ጋር፣ የካቨሩን ጀርባ ሙሉውን፣ የፊቱን ፎቶ ጨለማ ክፍል ደግሞ በጣም አቅርቦ፣ ካቨሩን ከላስቲክ አውጥቶ። ይሄ ሁሉ ከገጠመ ዋጋው ላይ ትንሽ ተከራክረህ ውሰደው። ሸክላው ገጥሞ ካቨሩ ካልገጠመ ለሸክላው ብቻ ክፈል፤ «ወረቀት አይደለም የሸጥኩልህ» ከማለቱ በፊት አንተ ቅደመው።

ፎቶዎቹ ሲደርሱህ እዚሁ ለጥፋቸው፣ የኔን አውጥቼ ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። ቅዳሜ ብቻ እስከ ከሰዓት ሥራ ላይ ነኝ።