ስለ ቢ12 ጠይቁ፦ ደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝ፣ ጾምና የጣና ዓሣ

ባህር ዳር ውስጥ ለ22 ዓመት ማይክሮስኮፕ ሥር ደም ሳይ ኖሬያለሁ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር፦ «ደም ማነስ አለብኝ» ብላችሁ ሳትመረመሩ ፎሊክ አሲድ ብቻውን አትጀምሩ።

ከሽምብጥ፦ ዶክተር፣ ቢ12 ቪታሚን ሆኖ ሳለ ለምን «ኮፋክተር» ይሉታል?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጥያቄህን ግን ወደድኩት። ኮፋክተር ማለት ኢንዛይም (የአካልን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ያለሱ የማይሠራበት ረዳት ነው። ኢንዛይሙን ታንኳ በለው፤ ደንገሉ የቱንም ያህል ቢያምር መቅዘፊያ ከሌለ ከዳር አይነሳም። ቢ12 መቅዘፊያው ነው፤ መሐሉ ላይ ኮባልት የሚባል ማዕድን አለው። በሰው አካል ውስጥ ቢ12 የሚፈልጉት ኢንዛይሞች ሁለት ብቻ ናቸው።

አንደኛው ሜቲዮኒን ሲንቴዝ ነው። ፎሌት (ፎሊክ አሲድ የዚሁ ቪታሚን የክኒን መልክ ነው) የተሸከመውን ሜቲል የሚባል ጭነት ተቀብሎ ሆሞሲስቴይን ለሚባል አሚኖ አሲድ ያስረክብና ሜቲዮኒን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይሠራል። ቢ12 ሲጠፋ ፎሌቱ ጭነቱን የሚያወርድበት አጥቶ ወደብ ላይ እንደታሰረ ይቀራል። ለዲኤንኤ ሥራ የሚሆን ፎሌት ስለሚታጣ መቅኒ ውስጥ ያለው ሕዋስ ይገዝፋል እንጂ በወጉ አይከፈልም። እኔ በመስታወቱ ላይ የማየው ይህንኑ ነው፦ ትልልቅ ቀይ ሕዋሳት፣ አስኳላቸው አምስት ስድስት ቦታ የተከፋፈለ ነጭ ሕዋሳት። ሁለተኛው ኢንዛይም የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ይሠራል፤ እሱ ሲቆም ሜቲልማሎኒክ አሲድ በደም ይጠራቀማል።

የፎሊክ አሲድ ክኒን ስትውጥ ግን በሌላ በር ስለሚገባ ዲኤንኤው ይሠራል፣ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፣ «ዳንኩ» ትላለህ። ቢ12 ግን አሁንም ስለሌለ የነርቩ ሽፋን መጎዳቱን አያቆምም። አንዲት እናት ለሁለት ዓመት ፎሊክ አሲድ ብቻ ሲሰጣቸው ቆይተው ወደ እኛ መጡ። ደማቸው ደህና ነበር። እግራቸው ግን መሬቱን መለየት ትቶ ነበር፤ ዛሬም ግድግዳ ሳይዙ አይራመዱም።

ከዓባይ ማዶ፦ ይደክመኛል፣ ምን ልውሰድ?

መልስ፦ በዚህ ላይ ምን ብዬ ልመልስ? ዕድሜህ? የምትወስደው መድኃኒት? ምርመራ አድርገሃል? እነሱን ጽፈህ ተመለስ።

ከቀበሌ 14፦ ጋሼ፣ እርጉዝ ነኝ። ጤና ጣቢያ አይረንና ፎሊክ ሰጥተውኛል። አስፈራኸኝ፣ ላቁም?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታቆሚ፣ እህቴ! ፎሊክ አሲድ የሕፃኑን አከርካሪና አንጎል ከአፈጣጠር ጉድለት ይጠብቃል። እኔ ያልኩት ምክንያቱ ላልታወቀ ደም ማነስ ነው። እግርሽ የሚደነዝዝሽ ከሆነ ለአዋላጅዋ ንገሪያት።

ከግሽ ዓባይ፦ ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ። ቢ12 አያልቅብኝም?

መልስ፦ የጤነኛ ሰው አካል ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም ቢ12 ያስቀምጣል፣ ብዙውን ጉበት ውስጥ፤ የአዋቂ የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮግራም ነው። በፍስክ ወተት፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ካገኘህና ጨጓራህ ጤነኛ ከሆነ ሁዳዴ 55 ቀን ቢሆንም አይጨርሰውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ በፍስኩም ሽሮ ብቻ የሚበላው ሰው ነው። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ጎመን ቢ12 የላቸውም፤ እርሾውንም አትመኑት። እናትየው ቢ12 ከሌላት ጡት የሚጠባው ልጅም አያገኝም፤ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ከዘጌ፦ ታዲያ እኛ ዓሣ በልተን እንጾማለን፤ ቀረሶና አምባዛ ይበቃናል ማለት ነው?

ከግሽ ዓባይ፦ ዓሣ እኮ ጾም ይገድፋል! ደም ያለው ነው።

ከዘጌ፦ አባቶቻችን በሐይቁ ዳር ሲበሉ ኖረዋል። አንተ ከየት አመጣኸው?

ከሽምብጥ፦ ሁዳዴን ከሌላው ለዩ እንጂ…

መልስ፦ እባካችሁ፣ ይህን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ዓሣ ቢ12 አለው፤ አዘውትሮ ለሚበላው ይጠቅማል። ጥሬውን ግን አትብሉ፤ የጣና ዓሣ ውስጥ የትል እጭ ይገኛል።

ከዲያስፖራ ሰፈር፦ አባቴ ለስኳር ሜትፎርሚን ከጀመረ 9 ዓመቱ ነው። እግሩ ያቃጥለዋል፤ «ስኳሩ ነው» ተባልን።

መልስ፦ ስኳሩ ሊሆን ይችላል። ሜትፎርሚን ግን ወደ ደም የሚገባውን ቢ12 ይቀንሳል፤ ለዓመታት የተወሰደ ኦሜፕራዞል የሚባለው የጨጓራ አሲድ መድኃኒትም እንዲሁ። የስኳር ጉዳትና የቢ12 እጥረት በእግር ላይ አንድ ዓይነት ስሜት ስላላቸው ሳይለኩ መለየት አይቻልም። ቢ12 ይለካላቸው። በሚሊሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው፤ ከ200 እስከ 300 ከሆነ ሆሞሲስቴይን ወይም ሜቲልማሎኒክ አሲድ ቢታይ ይለያል። «ሲቢሲው (የደም ሕዋስ ቆጠራው) ደህና ነው» ብለው ከመለሷችሁ አትመለሱ፤ ነርቭ ከደም ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ከቀበሌ 14፦ የቢ1፣ ቢ6፣ ቢ12 ድብልቅ ክኒን ከፋርማሲ ገዝቼ ብወስድስ?

መልስ፦ ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ከሐኪም ጋር።

ከዓባይ ማዶ፦ እሺ፣ 34 ዓመቴ ነው፣ ምንም መድኃኒት አልወስድም፣ ሄሞግሎቢኔ 9 ነው። ፎሊክ አሲድ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? አትጀምር። ነገ ጠዋት ሲቢሲህን ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ «ኤምሲቪ» የሚለውን፣ የቀይ ሕዋስህን አማካይ መጠን የሚያሳየውን ቁጥር እይ። ከ100 ከበለጠ ቢ12 ይለካልህ። ከ80 በታች ከሆነ የአይረን ነገር ይመርመር፤ ሁለቱ አብረው ካሉ ግን ቁጥሩ መሐል ላይ ተቀምጦ ያታልላል፤ ስለዚህ የደም ስላይድ ይታይልህ በል።