ጥያቄና መልስ፦ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው እንዴት ይገደላል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሰሞኑን ለትልልቆቹ ልጆች ስለ ይቅርታ እያስተማርኩ ሳለ አንዱ ተነሳና «ሩዋንዳ ውስጥ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገድሏል፤ ቄሶችም ነበሩበት ይባላል። እውነት ነው?» አለኝ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ካቶሊክ ስለሆኑ ነው» አለች። መልስ አጣሁ። እርስዎ እዚያ አገር ሠርተው እንደነበር በዚሁ ዓምድ አንብቤያለሁ። ነገሩ እውነት ከሆነ ያችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በምን አፏ እርቅ ትሰብካለች?

መልስ፦ ልጄ፣ እውነት ነው። ኪጋሊ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል በሒሳብ ሠራተኝነት ኖሬያለሁ። የሄድኩት ግን የሁቱ አክራሪዎች ቱትሲዎችን የፈጁበት ጭፍጨፋ ካለፈ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የማወራሽ ያየሁትንና ከሰው አፍ የሰማሁትን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሩዋንዳዊት ነበረች። አንድ ቅዳሜ «ኒያማታን ሳታይ አገሬን አየሁ እንዳትል» አለችና ይዛኝ ሄደች። ከኪጋሊ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገድ ላይ ኒያባሮንጎ የሚባል ወንዝ አለ። በክረምት እንደሚደፈርሰው አባይ ቡናማ ነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ወደ አገርህ ሊልኩን ያሰቡት በዚህ ነበር» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ቱትሲዎች ከኢትዮጵያ የመጡ መጤዎች ናቸው» የሚል ተረት ነበር። ተረቱን ያመጡት የአገሩ ገበሬዎች እንዳይመስሉሽ። የአውሮፓ አሳሾችና ሚስዮናውያን ናቸው። ረጅምና ሰልካካ ሰው ሲያዩ «ይሄ ከሰሜን የመጣ፣ ለመግዛት የተፈጠረ ዘር ነው» አሉ። በሚስዮን ትምህርት ቤትም ይኸው ተሰበከ። የቤልጅየም አስተዳደር ደግሞ በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ጻፈው፤ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ ብሎ። በ1992 ሊዮን ሙጌሴራ የተባለ ፖለቲከኛ ካባያ በምትባል ቦታ ለተሰበሰበ ሕዝብ፣ ቱትሲዎችን በኒያባሮንጎ አቋራጭ ወደ ኢትዮጵያ ስለመላክ ተናገረ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሬሳ በዚያ ወንዝ እየተንሳፈፈ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ሄደ። ሰውየው ካናዳ ሲኖር ቆይቶ በ2012 ተመልሶ ተከሰሰ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የአገራችን ስም፣ እኛ ሳናውቅ፣ ሰው መግደያ ሆኖ ነበር።

የኒያማታ ቤተ ክርስቲያን ተራ የጡብ ቤት ናት። ገብተሽ ቀና ስትዪ የቆርቆሮው ጣሪያ በጥይትና በቦምብ ፍንጣሪ ወንፊት ሆኗል። ወንበሮቹ ላይ የተከመረው የሟቾቹ ልብስ ነው። የሴት ቀሚስ አለ፣ የሕፃን ሹራብ አለ። ቀለሙ ጠፍቶ ሁሉም አፈር መስሏል። መሠዊያው ላይ ደም የደረቀበት ጨርቅ ተነጥፏል። የእመቤታችን ሐውልት ግን ግድግዳው ላይ እንዳለች ናት። እዚያች ቤትና ግቢዋ ውስጥ ወደ 10,000 ሰው አልቋል። ጓደኛዬ አብራኝ አልገባችም። ውጪ ዛፍ ሥር ጠበቀችኝ።

ልጁ ያልጠየቀሽ ጥያቄ አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ለምን እዚያ ሄደ? ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ታድን ስለነበረ ነው። ከ1959 ጀምሮ ቱትሲ በተሳደደ ቁጥር ሚስዮን ግቢ ገብቶ የተረፈ ብዙ ነው። በ1992 ኒያማታ ራሷ ሰው አስጠልላ አትርፋለች። ያኔ አንቶኒያ ሎካቴሊ የምትባል ጣሊያናዊት ለውጭ አገር ሬዲዮ ግድያውን ተናገረችና ተገደለች፤ መቃብሯ እዚያው ነው። እኛስ ደጀ ሰላም የገባ አይነካም እንል የለ? እነሱም እንደዚያ አምነው ገቡ። ገዳዮቹ ይህን እምነት ያውቁ ነበር። የመንግሥት ሹሞች ራሳቸው «ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፣ እዚያ እንጠብቃችኋለን» ያሉበት ቦታም አለ። ቤት ለቤት ከማደን የተሰበሰበውን ማግኘት ይቀላል።

ጭፍጨፋው የጀመረው ኤፕሪል 7 ቀን 1994 ነው። የእነሱ ፋሲካ በዋለ በአራተኛው ቀን። እሑድ ዕለት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስቀደሱ ሰዎች ሐሙስ ገዳይና ሟች ሆኑ።

ስለ ቄሶቹ። ኒያንጌ በምትባል ቦታ ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው የተጠለለባት ቤተ ክርስቲያን በቡልዶዘር ፈርሳበታለች። ቄሱ አታናዝ ሴሮምባ በዚህ ተሳትፈሃል ተብሎ በ2008 የተባበሩት መንግሥታት የሩዋንዳ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ዕድሜ ልክ ፈርዶበታል። እጁን እስኪሰጥ ድረስ ጣሊያን ውስጥ በሌላ ስም ይቀድስ ነበር! የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስም ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ጳጳሱ ፓርቲ ውስጥ ከተቀመጡ ማን ማንን ይገሥጻል?

«ካቶሊክ ስለሆኑ ነው» ላለችው ልጅ ግን ሙጎኔሮን ንገሪያት። እዚያ አድቬንቲስቶች ነበሩ። በሆስፒታሉ ግቢ የተጠለሉ ቱትሲ ፓስተሮች ለአለቃቸው ለፓስተር ኤሊዛፋን ንታኪሩቲማና ነገ ልንገደል ነውና ድረሱልን ብለው ደብዳቤ ጻፉ። አልደረሱላቸውም። ሰውየው ለገዳዮች አግዘዋል ተብለው በ2003 አሥር ዓመት ተፈርዶባቸዋል። የእኛ ቤት ከዚህ ነፃ ነው ብሎ ለመናገር የሚቸኩል ሰው ያስፈራኛል።

ያልከዱም ነበሩ። ፌሊሲቴ ኒዪቴጌካ ጊሴኚ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረች፤ ሁቱ ናት። ሰው ደብቃ በድንበር ወደ ዛየር፣ ወደ ዛሬዋ ኮንጎ፣ ታሻግር ነበር። የጦር መኮንን የሆነው ወንድሟ ውጪና ነፍስሽን አድኚ አላት። ትቻቸው አልወጣም አለች። ከደበቀቻቸው ጋር ገደሏት።

ወደ እርቁ ልምጣ። የሩዋንዳ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1996 ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠየቀች። የካቶሊክ ጳጳሳቱ በ2016 ይቅርታቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ አስነበቡ፤ ግን ያጠፉት አባሎቻችን ናቸው የሚል መንፈስ ነበረው፤ መንግሥትም አልበቃውም። በዓመቱ ፖፕ ፍራንሲስ ለቤተ ክርስቲያኒቱም ለአባሎቿም ኃጢአት እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመኑ። 23 ዓመት ፈጀ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዕዳ ሲሰረዝ አይቼ አላውቅም።

ደስ ያለኝ ሙሻካ የምትባለው አጥቢያ የሠራችው ነው። አባ ኡባልድ ሩጊራንጎጋ ከ80 በላይ ዘመዶቻቸውን ያጡ ቄስ ነበሩ። እዚያ የገደለ ሰው ዝም ብሎ አይቆርብም። ስድስት ወር ይማራል፤ የሟች ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ይለምናል፤ ከዚያ በምእመናን ፊት ይቆማል። የእኛ ነፍስ አባት ቀኖና እንደሚሰጠው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሰፈሩ ሁሉ እያየ መሆኑ ነው። የተበደሉትም ለብቻቸው ይማራሉ። ስለዚህ ይቅርታ ስታስተምሪ ከተበዳዩ አትጀምሪ። የእኛ ሰው «ይቅር ለእግዜር» ማለትን ይወዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የምንጨቀጭቀው የተበደለውን ነው።

የጓደኛዬን ነገር ልጨርስልሽ። እናቷን ከገደሉት አንዱ የሰፈር ሰው ነበር። ጋቻቻ በሚሉት፣ ሣር ላይ ተቀምጠው ይዳኙበት በነበረው የመንደር ችሎት አመነ። ታስሮ ሲወጣ ቤቷ መጥቶ ተንበረከከ። «መጀመሪያ የት እንዳለች አሳየኝ» አለችው። ሙዝ ተክል ውስጥ አሳያት። አጥንቱን አውጥታ ቀበረች። ይቅር አልሽው ወይ ስላት «ሰላም እለዋለሁ» አለችኝ።

ለልጆቹ ይህን ሁሉ አትንገሪያቸው። ለትልልቆቹ የኒያማታን ታሪክ፣ ለትንንሾቹ የፌሊሲቴን። ልጁንም ስለጠየቀ አመስግኚልኝ።