ስለቱን ሊጠብቅ አረቄውን ቢተው ወደቀ

ሲስተርን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐይቅ ነው። ታናሽ ወንድሜ 38 ዓመቱ ነው፣ አናጺ ነው። አረቄ ከጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል። አሁንማ ጠዋት «ዓይን መግለጫ» ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሚስማር መያዝ አይችልም። ዘንድሮ ለግሸን ማርያም ተሳለ። መስከረም 18 ማታ የመጨረሻዋን መለኪያ ጠጣና በቃኝ አለ። በ19 ሌሊቱን ሙሉ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ አደረ። በ20 ከሰዓት አቀበቱ ላይ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ሰው ክብሪት እየለኮሰ አሸተተው። አንዱ ዛር ነው አለ፤ ሌላው ከልቡ ስላልተሳለ ነው አለ። ቤት ስንመለስ አንድ ጎረቤት ሁለት መለኪያ ሰጠው፣ መንቀጥቀጡ ቆመ። ይኸው እንደገና ይጠጣል። አፍሮ ቀና ብሎ አያየንም። ወንድሞቼ «ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ቤት ዘግተንበት እናስተወዋለን» ይላሉ። ሌላ ጎረቤት ደግሞ «ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ ክኒን አለኝ፣ ማታ ማታ ስጡት» ብላናለች። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አብሽሪ፣ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ሰዓት ለመቁጠር ነው። ከ18 ማታ እስከ 20 ከሰዓት፣ አርባ ሰዓት ገደማ። ለእኔ ይህ ቁጥር ከዛሩም ከስለቱም በላይ ይናገራል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም እንዲህ ያለው ውድቀት የሚመጣው ከመጨረሻዋ መለኪያ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ወንድምሽ የወደቀው እምነት አንሶት አይደለም። ቃሉን ስለጠበቀ ነው የወደቀው። ይህን ዛሬውኑ ንገሪው።

የሐረጎን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ። አረቄ ለአንጎል እንደ ፍሬን ነው፤ ያቀዘቅዘዋል። ፍሬኑ ዓመት ከዓመት ሲያዝበት አንጎልም ሥራው እንዳይቆም ነዳጁን ይረግጣል። ሁለቱንም ረግጦ መኖር ይለምዳል። አንድ ቀን ፍሬኑ ድንገት ሲለቀቅ ነዳጁ እንደተረገጠ ነው። ሐረጎ ላይ እንዲህ የሆነ ሲኖትራክ የት እንደሚያርፍ ላንቺ አልነግርሽም። ሆስፒታል የሚሰጠው መድኃኒት ሰውየውን በከባድ ማርሽ ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው።

የወንድሞችሽ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን በፍጹም እንዳታደርጉት። ውድቀቱ የመጨረሻው ነገር አይደለም። መጀመሪያ፣ ባቆመ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ደሴ ላይ በኅዳር ብርድ ጋቢው በላብ የሚጨመቅ ሰው አይቻለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን የሚመጣው ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሐኪሞች ዲሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ሰውየው ቤቱን አያውቀውም፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ ይጋልባል፣ የሌለ ነገር ያያል። አንድ የአምባሰል ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ ከብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን ሲለቅም አደረ። አንድ አንዱን እየለቀመ በእጄ ያስጨብጠኝ ነበር። «ያዥልኝ፣ እንዳትጥያቸው» ይለኛል። እጄን ጨብጬ ቆምኩ፣ ምን ላድርግ። ይህ ነገር ካልታከመ ይገድላል። እናንተ ግን ከተዘጋው በር ውጭ ሆናችሁ ሲጮኽ ብትሰሙ «አረቄው አምሮት ነው» ትላላችሁ።

ወደ ዲያዜፓሙ ልምጣ። ጎረቤታችሁ ፈጽማ አልተሳሳተችም። ሆስፒታልም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው እሱኑ ወይም ዘመዱን ነው። ልዩነቱ እዚያ የመጀመሪያው ቀን በርከት ተደርጎ ይሰጥና በአምስት፣ በሰባት ቀን ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። ደግሞ በየሰዓቱ የሚያየው ሰው አለ። ጉበቱ የተጎዳ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይለውጣል ወይም ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ክኒኑን ውጦ ማታ ተደብቆ አረቄ ቢደግምበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ለጎረቤትሽ አመስግነሽ መልሺላት።

«በየቀኑ አንድ አንድ መለኪያ እንቀንስለት» የሚሉም አሉ። ፋብሪካ ያወጣው መጠጥ ቢሆን አንድ ነገር ነው። የቤት አረቄ ግን የዛሬው ከነገው እኩል አይደለም። ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄ ከሆነ ከ40 በመቶ በላይ የሚደርስ አለ፤ የሌላዋ ጠማቂ ግማሹ ውኃ ይሆናል። መለኪያውን ትቆጥራላችሁ እንጂ ውስጡ ያለውን አትቆጥሩም።

ስለዚህ ወንድምሽ ሆስፒታል መተኛት አለበት። አንዴ የወደቀ ሰው ቤቱ ሆኖ አይሞክረውም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ላንቺ የሚቀርብሽ ደሴ ነው። አንድ ሳምንት ገደማ ያዙለት።

እዚያ ምን ይጠብቀዋል? ደሙ፣ ስኳሩና ግፊቱ ይታያል። ሲወድቅ ጭንቅላቱን መትቶት እንደሆነም ይመረመራል፤ ይህን ሳትጠየቂም ተናገሪ። ከዚያ ነርሷ እየተመላለሰች አሥር ነገር ታያለች። «እጅህን ዘርጋ» ትለዋለች፣ መንቀጥቀጡን ታያለች። ላቡን፣ ማቅለሽለሹን፣ ጭንቀቱን፣ የሚያየውንና የሚሰማውን ትጠይቃለች። ለእያንዳንዱ ነጥብ ትሰጣለች፤ ድምሩ እስከ 67 ይሄዳል። ነጥቡ ከፍ ሲል መድኃኒቱም ከፍ ይላል። አሥረኛው ጥያቄ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚል ነው። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው፣ አታውቂም እንዴ?» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ቀና ብዬ ሳይ 12 ነው። ሙሉ በሙሉ ትክክል ብዬ ጻፍኩላቸው። «ጁምዓ ነው» ያለኝም አለ፣ እሱም አልተሳሳተም።

አንድ ነገር ግን በርትተሽ ጠይቂ፦ «ቢ ዋን ተሰጥቶታል ወይ?» ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ነው። ለዓመታት አረቄ እየጠጣ በደንብ ያልበላ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ይሟጠጥበታል። ለምን እንደምወተውትሽ ልንገርሽ። ገና ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ በአንድ ሆስፒታል፣ ሲያስመልሰው የሰነበተ ጠጪ መጣ። ውኃው አልቋል ብለን ግሉኮስ ሰቀልንለት። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ቢ ዋኑን ማንም አላስታወሰም። ባዶ በሆነ ሰው ላይ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቢ ዋን ይጨርሳታል። ሲነጋ ዓይኖቹ አልረጋ አሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቆሞ ሲሄድ ይንገዳገዳል። «ማን አረቄ አስገባለት?» ተባለ። ሰውየው ከጠጣ ሦስት ቀን አልፎታል። ሕይወቱ ተረፈ፤ አዲስ ነገር የሚይዝበት ጭንቅላቱ ግን አልተመለሰም። እስኪወጣ ድረስ በየማለዳው «እህቴ፣ ስምሽ ማነው?» ይለኝ ነበር። በየማለዳው እነግረዋለሁ።

አልጋ እስክታገኙ ድረስ አስቁሙት አልልሽም። ድንገት አያቁም፣ አይጨምርም ደግሞ። ምግብ ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ። በሆነ ምክንያት አቁሞ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። እንደገና ቢወድቅ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪቱንም ተዉት፣ ያቃጥለዋል እንጂ አያነቃውም። ቢያልፍለትም ውሰዱት፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ግን ወዲያው መኪና ፈልጉ።

ስንት እንደሚጠጣ ሐኪሙ ሲጠይቀው «ሦስት መለኪያ ብቻ» ይላል። ሁሉም ሦስት ነው የሚለው። አንቺ አረቄ ቤቷ ሂጂና የዱቤ ደብተሩን እይ። መድኃኒቱ የሚለካው በዚያ ነው።

ጠበሉን ተዉ አልልም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን በእነዚያ ቀናት በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ ይጎዳዋል። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቱን ጠይቁ፤ የታመመን «በርታና ጹም» የሚል ካህን እስካሁን አልገጠመኝም።

ከሆስፒታል ሲወጣ ደግሞ ሰርግ አትደግሱ። ሳምንቱ ሰውነቱን ነው ከአረቄ የሚያላቅቀው። ፍላጎቱ ይቆያል፣ እንቅልፉም ለሳምንታት ይረበሻል። ክትትል አለ፣ ፍላጎት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ሳይወጣ ጠይቁ። ቢደግም እንኳ ለብቻው ማቆም አይሞክር። ማቆምና መጀመር በተደጋገመ ቁጥር መንቀጥቀጡም ውድቀቱም እየከፋ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባሌ ቢራም አረቄም አይመርጥም። አንድ ሰው «መጠጥ የሚያስጠላ ክኒን ነው፣ ሳያውቅ ቡናው ውስጥ ጨምሪለት» ብሎ ሰጠኝ። ዲሰልፊራም ይላል። ይጎዳዋል? ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ ይጎዳዋል። ክኒኑ መጠጥ አያስጠላም። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ሰውየውን ያሳምመዋል፦ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ልቡ ደካማ ከሆነ ሊሞት ይችላል። ሐኪም የሚያዘው አውቆና ተስማምቶ ለሚወስድ ሰው ነው። ያውም ከጠጣ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሞላው አይጀመርም። እስካሁን ቡናው ውስጥ ጨምረሽለት ከሆነ ደብቀሽ አትቆዪ፣ ዛሬ ንገሪው። ይቆጣሻል፣ ይቆጣ። ከመጨረሻዋ ክኒን በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ አንድ ብርጭቆ ቢራ ሊጥለው ይችላል።