እግርን ከወገብ በላይ የሚያነሣው የትኛው ጡንቻ ነው? ከደብረ ሲና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከደብረ ሲና የጻፉልን እኅታችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ ለወጣቶች የባሌ ዳንስ መሠረታዊ እንቅስቃሴዎችን ያሠለጥናሉ፤ ሠልጣኞቹ አንድ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ሲያነሡ ከወገብ በላይ አልሄድ ይላቸዋል፣ የፊት ጭናቸውን ስትራፖ ይይዛቸዋል፣ ከሥልጠና በኋላም አንዳንዶቹ የጉልበታቸውን የውስጥ ጎን ያማቸዋል፤ ለወራት ሰውነታቸውን ቢያሳስቡም የተለወጠ ነገር የለም። እኔ በደብረ ብርሃን በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ ስሆን፣ የዳንስና የጂምናስቲክ ሠልጣኞችን ለረጅም ጊዜ ስከታተል ስለቆየሁ፣ ከሥራዬ ያየሁትን ከሰውነት አሠራር ጋር አያይዤ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በእኔ እምነት የሠልጣኞችዎ ችግር የጅማት መድረቅ ብቻ አይደለም። እግርን ከወገብ በላይ የሚያደርሰው በፊት ጭን ላይ አብጦ የሚታየው ጡንቻ ሳይሆን ከወገብ አከርካሪ የሚነሣ፣ ከውጭ የማይታይ ጥልቅ ጡንቻ ነው፤ ለዚህ ጡንቻ መንገድ የሚከፍትለት የጭን አጥንት በዳሌ ውስጥ ያለው ዙረት ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚሸከማቸው ደግሞ መሬት ላይ የቀረው እግር ነው። አሠልጣኝ ዓይኑን በተነሣው እግር ጫፍ ላይ ከተከለ እነዚህ ሦስቱም ያመልጡታል።

በመጀመሪያ የሸክሙን መጠን እንመልከት። የአንድ ሰው ሙሉ እግር ከጠቅላላ ክብደቱ በግምት 16 በመቶ ይሆናል፤ ስለዚህ 50 ኪሎ ግራም የምትመዝን ወጣት አንድ እግሯ ብቻ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እግሩ ተዘርግቶ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን የክብደቱ ማዕከል ከዳሌ መገጣጠሚያ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እግሩን የሚስበው ጡንቻ ግን ከመገጣጠሚያው የሚርቀው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ርቀት 4 ሳንቲ ሜትር ብለን ብናሰላው፣ ጡንቻው እግሩን ባለበት ለማቆየት ብቻ 70 ኪሎ የሚመዝን ነገር የመሸከም ያህል ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። ዴቬሎፔ በሚባለው እንቅስቃሴ እግር መጀመሪያ ጉልበቱ ታጥፎ ተነሥቶ በኋላ የሚዘረጋው ውበት ስላለው ብቻ አይደለም፤ ጉልበት ሲታጠፍ የክብደቱ ማዕከል ወደ ዳሌ ስለሚቀርብ ሸክሙ ይቀልላል። ግራን ባትማ በሚባለው እንቅስቃሴ ደግሞ እግሩ ከመሬት ተወርውሮ ባገኘው ፍጥነት ስለሚወጣ፣ በግራን ባትማ ከትከሻ የሚደርስ እግር በዴቬሎፔ ከወገብ ሥር ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። ልዩነቱ የጅማት ሳይሆን የኃይል ነው።

ስትራፖው የሚመጣው ከዚህ ነው። ኳድሪሴፕስ ከሚባለው የፊት ጭን ጡንቻ አራት ክፍሎች አንዱ የሆነው ሬክተስ ፌሞሪስ ሁለት መገጣጠሚያዎችን ያቋርጣል፤ ዳሌን ያጥፋል፣ ጉልበትን ይዘረጋል። እግር ተዘርግቶ ከፍ ሲል ይህ ጡንቻ ከላይም ከታችም ስለሚያጥር፣ ከ90 ዲግሪ ገደማ በኋላ ሊኮማተርበት የሚችል ርዝመት አይቀረውም። በዚያ ቦታ ሆኖ አሁንም እንዲስብ ሲገደድ ኃይሉ ይከዳዋል፣ ይጨመደዳል። በዳሌ ጎን ያለው ቴንሰር ፋሺያ ላታና ከሽንጥ ወደ ጉልበት ውስጥ የሚወርደው ሳርቶሪየስም ከዚህ ከፍታ በላይ ድካማቸው ብዙ፣ ፍሬያቸው ትንሽ ይሆናል። ኢሊዮፕሶአስ የሚባለው ጥልቅ ጡንቻ ግን ከወገብ አከርካሪና ከዳሌ አጥንት የውስጥ ገጽ ተነሥቶ በጭን አጥንት የላይኛው ውስጣዊ ጎን ላይ ስለሚያርፍ፣ ጉልበት ቢዘረጋም ቢታጠፍም ርዝመቱ አይነካም፤ ስለዚህ ከ90 ዲግሪ በላይ ዋናው ሠራተኛ እርሱ ነው። «ጭንህን አጠንክር» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው የተሳሳተውን ጡንቻ ስለሚጠራ ነው። ጉልበትን ዘርግቶ ለማቆየት ከሚያስፈልገው በላይ የፊት ጭን መወጠር የለበትም።

የእያንዳንዱ ሠልጣኝ ችግር ኃይል ይሁን ጅማት ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ሠልጣኟ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ወደ ውጭ አዙራ እርስዎ ቀስ ብለው ያንሡላት፤ ከዚያ ቆማ ራሷ ታንሣው። በእጅዎ ሲያነሡላት ከፍ ብሎ የሚሄድ፣ ራሷ ስታነሣው ግን ከወገብ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ተጨማሪ ማሳሳብ ምንም አይጨምርላትም፤ የሚጎድላት በከፍታው ላይ የሚሠራ ኃይል ነው። በእጅም አልሄድ ካለ ደግሞ የኋላ ጭን ጡንቻዎችና ብሽሽትን ይዘው የሚወርዱት የውስጥ ጭን ጡንቻዎች እየያዙት ነው፣ አለዚያም የአጥንቷ ቅርጽ ነው። ለወራት ማሳሳብ ለውጥ እንዳላመጣ ከገለጹልን በመነሣት፣ አብዛኞቹ ሠልጣኞችዎ ከመጀመሪያው ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

አጥንቱን በተመለከተ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ ዘነዘናው ምን ያህል እንደሚጋደም የሚወስነው የሙቀጫው ጥልቀትና የአፉ አቅጣጫ እንጂ የወቃጯ ጥረት አይደለም። እግር ሳይዞር በቀጥታ ወደ ጎን ሲነሣ፣ በጭን አጥንት ራስ አጠገብ ያለው ትልቁ የአጥንት ጉብታ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ወደ ዳሌ አጥንት ይቀርብና መንገዱ ይዘጋል። እግሩ ከዳሌው ወደ ውጭ ሲዞር ግን ያ ጉብታ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ መንገዱ ይከፈታል። በባሌ ዳንስ ተርንአውት የሚባለው ወደ ውጭ የማዞር ሥርዓት ሰውነታዊ ጥቅሙ በዋናነት ይህ ነው። ይህን ዙረት የሚፈጥሩት ከመቀመጫው ትልቅ ጡንቻ ሥር ተደብቀው ያሉ ስድስት አጫጭር ጡንቻዎች ናቸው፤ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ በኃይል ሲጨመቅ ግን እግርን ወደ ኋላ ስለሚጎትት፣ «መቀመጫህን ጭመቅ» የተባለ ሠልጣኝ እግሩን ወደ ፊትና ወደ ጎን ለማንሣት ከራሱ ጋር ይታገላል።

ጫፋቸው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ተረከዝ ለተረከዝ ገጥመው በ180 ዲግሪ አንድ መስመር የሠሩ ሁለት እግሮች በሥዕል ስለሚያምሩ ሁሉም ያን ይመኛል። ፈረንሳዊው ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1661 በፓሪስ የዳንስ አካዳሚ ካቋቋሙበት ዘመን ወዲህ ሥርዓቱ እየተጠናከረ መጥቶ ይህ እንደ ፍጹም መለኪያ ተይዟል፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ዳሌ በእያንዳንዱ ወገን የሚሰጠው ዙረት ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። የቀረውን ሠልጣኙ ከየት ያመጣዋል? ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት። የጉልበቱ ሕመም ምክንያትም፣ ሳላየው እርግጠኛ መሆን ባልችልም፣ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ጉልበት ሲታጠፍ ቅልጥም በተወሰነ መጠን ወደ ውጭ መዞር ይችላል፤ ሲዘረጋ ግን ይቆለፋል። ሠልጣኞች ፕሊዬ በሚባለው እንቅስቃሴ ጉልበታቸውን አጥፈው እግራቸውን እስከሚችሉት ከፍተው መሬት ላይ ይተክሉና፣ ወለሉ እንደያዘላቸው ቀጥ ብለው ይነሣሉ፤ በዚያ ጊዜ እግር በአንድ አቅጣጫ፣ ጭን በሌላ አቅጣጫ ሆነው በመካከል ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል። የሚጎዱትም በጉልበት የውስጥ ጎን ያለው ጅማትና በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለው ሜኒስከስ የሚባለው ልም አጥንት ናቸው። ከዚሁ ጋር ውስጠ እግር ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ የወገብ ጎድጓዳነትም ይጨምራል፤ ምክንያቱም በዳሌ ፊት ያለው ጠንካራ ጅማት ዳሌ ወደ ፊት ሲያዘነብል ስለሚላላ፣ ሰውነት ጥቂት ተጨማሪ ዲግሪ ለማግኘት ወገቡን ይሰብራል።

ይህን ለማረጋገጥ ሠልጣኙ በሆዱ ይተኛ፣ አንድ ጉልበቱን ወደ 90 ዲግሪ ይጠፍ፣ ቅልጥሙም ወደ ሌላው እግር አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይውደቅ፤ ዳሌው ከመሬት ሳይነሣ የሚደርስበት ማዕዘን የዳሌው እውነተኛ ዙረት ነው። ከዚያ ካልሲ ብቻ አድርጎ በሚያንሸራትት ወለል ላይ ይቁምና እግሮቹን ይክፈት። ጫማ አድርጎ ከሚከፍተው በጣም ካነሰ፣ ልዩነቱን ወለሉ ነበር የሚሰጠው። ሥልጠናው መመሥረት ያለበት በዚህ ትንሹ ማዕዘን ላይ ነው።

አሁን ወደ ቆመው እግር ልመለስ፤ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነውና። አንድ እግር ከመሬት ሲለቅ የሰውነት ክብደት በሙሉ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ በቆመው እግር የዳሌ ጎን ያለው ግሉቲየስ ሚዲየስ ካልጠነከረ ዳሌ በተነሣው እግር ወገን ዝቅ ይላል፣ ኢሊዮፕሶአስም የሚስብበት ጽኑ መሠረት ያጣል። በጎን የሚነሣ እግር ከፍ ሲል ዳሌ ጨርሶ መንቀሳቀስ የለበትም የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ ከ90 ዲግሪ በላይ ግን ዳሌ በተነሣው ወገን በመጠኑ ከፍ ማለቱ የግድ ነው። ጥያቄው መጠኑን የሚቆጣጠረው ማን ነው የሚለው ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹም የቆመው እግር የዳሌ ጎን፣ የውስጥ ጭንና የሆድ ጎን ጡንቻዎች ናቸው። ከታች ደግሞ ክብደቱ በተረከዝ፣ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር እኩል ማረፍ ይኖርበታል። የቆመው እግር ዙረቱን ካጣ የተነሣውም ያጣዋል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ አካባቢያችን ልጆችም አንድ ነገር ልበል። በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና ዳገትና ቁልቁለት ያደጉ ወጣቶች የፊት ጭናቸውና ባታቸው እጅግ ጠንካራ ነው፤ ቁልቁለት መውረድ ኳድሪሴፕስ እየረዘመ ክብደት እንዲይዝ ያስገድደዋል፣ በፕሊዬ ጉልበት ሲታጠፍ የሚሠራውም ይኸው ሥራ ነው። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ የለመደ ልጅም ተረከዙን ሳያነሣ ጥልቅ ፕሊዬ ለመሥራት አይቸገርም። ያው ጥንካሬ ግን እግር ማንሣት ሲመጣ ቀድሞ ይደርስና ሥራውን ከኢሊዮፕሶአስ ይነጥቃል። በእስክስታ የሠለጠነ ወጣት ደግሞ ጉልበቱን ለስለስ አድርጎ በትከሻው መሥራት ስለለመደ፣ እግሩን ሲያነሣ ትከሻው አብሮ ይነሣል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ አሠልጣኙ ግን ሊያውቀው ይገባል።

ብርዱንም መርሳት አይገባም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ባለበት አዳራሽ የቀዘቀዘ ጡንቻን ወጥሮ ማሳሳብ ለጉዳት ይዳርጋል፤ እናንተም ዘንድ ቢሆን ብርዱ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በቀላል ፕሊዬ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ረጅሙን ማሳሳብ ግን ለሥልጠናው ማብቂያ ማቆየት ይሻላል። በሲሚንቶ ወለል ላይ ዝላይ እንዳያሠሩ አጥብቄ እለምናለሁ፤ የዝላይ ማረፊያ ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል ወደ ቅልጥም ይልካል፣ ሲሚንቶ ደግሞ ምንም አይቀበልለትም።

በጣቶች ላይ መቆምን፣ ማለትም ሬልቬን፣ በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ ብቻ ልስጥ፤ ባት ቢያነሣም ቁርጭምጭሚትን ቀጥ አድርገው የሚይዙት በቅልጥም ውስጥና ውጭ የሚወርዱት ጡንቻዎች ናቸው፤ ክብደቱ ወደ ትንሿ ጣት ከሸሸ ቁርጭምጭሚት ይወለማል። አንድ እግር ወደ ኋላ ተዘርግቶ በሚነሣበት አራቤስክም ቢሆን ዳሌ ወደ ኋላ የሚሰጠው ከ20 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ከዳሌ ማዘንበልና ከጀርባ ስለሚመጣ፣ የጀርባ ጡንቻዎችን ሳያጠናክሩ ከፍታ መጠየቅ ወገብን ያሳምማል።

ለተግባር ያህል፣ ሠልጣኟ በወንበር ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ትቀመጥ፣ አንድ ጉልበቷን አጥፋ ጭኗን ከወንበሩ ታንሣ፣ ወደ ኋላ ሳትጋደም ለጥቂት ሰከንዶች ትያዘው፤ እጇን በፊት ጭኗ ላይ አድርጋ አለመጠን አለመወጠሩን ትከታተል። ይህ ሲለመድ ተረከዟን ከወገቧ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ፣ እግሯን ወደ ውጭ አዙራ፣ የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ከጠረጴዛው ታላቅቀው። ጠረጴዛው ከፍ የሚለው ይህ ያለ ስትራፖ ሲሆን ነው። ለቆመው እግር ደግሞ የተነሣው እግር መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው በአንድ እግር መቆም፣ በመስታወት ፊት፣ ዳሌ ሳይንሸራተት፤ ቀላል ይመስላል፣ በትክክል ሲሠራ ግን የዳሌው ጎን ቶሎ ይደክማል። ሥራው በየሁለት ቀኑ ቢሆን በቂ ነው፤ ለውጡም በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም።

እግር ከጎን ሲወርድ በብሽሽት በኩል ድምፅ የሚያሰማ፣ ነገር ግን የማያም ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የኢሊዮፕሶአስ ጅማት በአጥንት ላይ ሲሻገር ስለሆነ አያስደነግጥም። ድምፁ ከሕመም ጋር ከመጣ፣ በብሽሽት ጥልቀት ውስጥ የሚወጋ ስሜት ካለ፣ ወይም ጉልበት ካበጠ፣ ሠልጣኙ ያቁም፣ ሐኪም ይየው። ያ እስከሚሆን የጉልበት ሕመም ያለባቸውን ልጆች በሆዳቸው ተኝተው በለኩት ማዕዘን ብቻ እንዲቆሙ ያድርጉና፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ መቀነሱን እዚሁ ቢጽፉልኝ ቀጣዩን አብረን እናያለን።