ጥቂት አክሲዮን ይዞ ጉባኤ መሄድ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሂሳብ አያያዝ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ትመዘግቢያለሽ፤ ልብሽ ያለው ግን የኢንቨስትመንት ትንተና ላይ ነው። ካጠራቀምሽው ገንዘብ ላይ የአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ኩባንያ አክሲዮን ገዝተሻል። አሁን የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ደረሰሽ። ጥያቄሽም ይሄ ነው፦ «በዚህች አክሲዮን ምን ብዬ ልሂድ? ከሄድኩስ ሲቪዬን ለሥራ አስኪያጁ ልስጠው? ወይስ ጓደኞቼ እንደሚሉኝ ቀኔን በከንቱ ባላቃጥል ይሻላል?»

ሂጂ። ሲቪሽን ግን ቤት ተይው።

ጓደኞችሽ ጉባኤ ሲባል የሚታያቸው ሰፊ አዳራሽ፣ ሩቅ መድረክና ረጅም ንግግር ነው። ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሆነ አልተሳሳቱም። ትንሽ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ የስብሰባ ክፍል ነው። ከወንበሮቹ ግማሹ ባዶ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የቦርድ ሰብሳቢውና የውጭ ኦዲተሩ ከፊትሽ ጥቂት እርምጃ ርቀው ይቀመጣሉ። በሌላ ቀን ከእነዚህ ሰዎች አንዱን እንኳ ለማግኘት ስንት ደጅ ትጠኚ ነበር!

ሌላም ነገር አለ። ትልልቆቹን ኩባንያዎች ብዙ ተንታኞች ይከታተሏቸዋል። ስለ እነሱ ማንም ያላለውን ነገር መጻፍ ለጀማሪ ከባድ ነው። ትንሹን ኩባንያ ግን ምናልባት የሚከታተለው ባለሙያ የለም። እዚያ ተቀምጠሽ የሰማሽውን በደንብ ከጻፍሽ፣ ሌላ ሰው እጅ የሌለ ሥራ ይኖርሻል። አንቺን ወደምትፈልጊው ሥራ የሚወስድሽ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ የምነግርሽ ሁሉ ለዚያ ጽሑፍ ዝግጅት ነው።

የአክሲዮንሽ ማነስ እንዳያሳፍርሽ። ቤንጃሚን ግራሃምን ሳትሰሚው አትቀሪም፤ የታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት የዋረን ቡፌት መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ኖርዘርን ፓይፕላይን የሚባል አነስተኛ የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ያስገባቸውን ሰነዶች ሲያገላብጥ አንድ ነገር አገኘ። አክሲዮኑ ገበያ ላይ 65 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ኩባንያው ግን ለእያንዳንዱ አክሲዮን 95 ዶላር ገደማ የሚደርስ ቦንድ (ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ) እና የመሳሰለውን ይዟል። ግራሃም አክሲዮኑን ገዛ። በ1927 መጀመሪያ፣ በ32 ዓመቱ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ኦይል ሲቲ በምትባል ከተማ በተካሄደው ጉባኤ ላይ ተገኘ። ከኩባንያው ሰዎች ሌላ የመጣ ባለአክሲዮን አልነበረም። ሐሳብ ላቅርብ ሲል «የሚደግፍህ ማን ነው?» ተባለ። ማንም የለም። ስብሰባው በደቂቃዎች ውስጥ ተዘጋ። በዓመቱ በሌሎች ባለአክሲዮኖች ስም ድምፅ የመስጠት ውክልና ይዞ ተመለሰና ሁለት የቦርድ መቀመጫ አሸነፈ። ኩባንያውም ኋላ ላይ ከተከማቸው ሀብት ለባለቤቶቹ አከፋፈለ።

ቦርድ ግቢ እያልኩሽ አይደለም። ግን ሰውየው ወደዚያ ክፍል ሲገባ እዚያ ያሉት ሰዎች እንዲነሳ ያልፈለጉትን ቁጥር ያውቅ ነበር። ይሄንን አንቺም ማድረግ ትችያለሽ። የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ ሁለት ምሽት ማንበብ ነው።

ከማንበብሽ በፊት ግን መግባት መቻልሽን አረጋግጪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ኩባንያው የሚያስገባው በተወሰነ ቀን በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ስሙ የተገኘን ሰው ነው። አክሲዮኑን የገዛሽው በደላላ ድርጅት በኩል ከሆነ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የአንቺ ላይሆን ይችላል፤ የደላላው ወይም አክሲዮን በአደራ የሚይዝ ድርጅት ስም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ባለቤትነትሽን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም የውክልና ወረቀት ከደላላሽ ጠይቂ። ይሄ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ነገ ደውይ። ጥሪው ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ ነው የሚላከው። በብሪታንያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ ለሚችሉ ኩባንያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ቢያንስ የ21 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል። ጊዜ አለሽ ማለት ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል።

አሁን ወደ ኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት። የሊቀ መንበሩን መልእክትና የሚያማምሩ ፎቶዎችን እለፊያቸው። ከኋላ፣ ከማብራሪያ ማስታወሻዎቹ ጀምሪ። የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ትቀድሚያለሽ።

መጀመሪያ ጥሬ ገንዘቡን እዪ። ኩባንያው ዓመቱ ሲዘጋ ባንክ ውስጥ 12 ሚሊዮን አለው፣ በየወሩ ደግሞ ከሚያስገባው በላይ 1 ሚሊዮን ያወጣል እንበል። የቀረው ዕድሜ 12 ወር ነው። ሪፖርቱ አንቺ እጅ የገባው ዓመቱ ከተዘጋ ከአራት ወር በኋላ ከሆነ ደግሞ 8 ወር ብቻ። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አመራሩ ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል መቻሉን ሲገመግም ሒሳቡ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 12 ወር ወደፊት እንዲያይ ያስገድዳል። አጠራጣሪ ነገር ካለ ማስታወሻው ውስጥ ይጻፋል። ያንን አንቀጽ ፈልጊው።

ቀጥሎ ደንበኞቹን። አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች፣ አንድ ደንበኛ ብቻውን ከገቢያቸው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚያመጣ ከሆነ ይሄንን መግለጽ አለባቸው። የደንበኛውን ስም የመጥራት ግዴታ ግን የለባቸውም። ትንሽ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ይህች አንዲት መስመር ብዙ ነገር ትናገራለች። ገቢው አደገ ተብሎ ሲጨበጨብ ዕድገቱ ሁሉ ከአንድ ደንበኛ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፤ የፕሮግራመሮቹ ደመወዝ የት ተመዘገበ? ሁለት ኩባንያዎች ለሶፍትዌር ሥራ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ከፈሉ እንበል። አንደኛው ሁሉንም ወጪ አደረገው። ሌላኛው 3 ሚሊዮኑን የልማት ሥራ ነው ብሎ ንብረት ላይ መዘገበው። ከኪስ የወጣው ገንዘብ እኩል ነው። በዚያ ዓመት ትርፍ ላይ ግን የሁለተኛው በብዙ ይበልጣል። ዓለም አቀፉ ደረጃ የምርምር ወጪ እንደ ወጪ እንዲያዝ፣ የልማት ወጪ ደግሞ መስፈርቶቹን ሲያሟላ ንብረት እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ጥፋት አይደለም። ግን በንብረት የተያዘው ድርሻ ካምናው በድንገት ከጨመረ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አጀንዳው ላይ አዲስ አክሲዮን የማውጣት ነጥብ ካለ በእርሳስ ክበቢው። 10 ሚሊዮን አክሲዮን ያለው ኩባንያ 2.5 ሚሊዮን ቢጨምር፣ 1 በመቶ የነበረው ሰው ሳይሸጥ ሳይለውጥ ወደ 0.8 በመቶ ይወርዳል። የኦዲተር ምርጫውና የቦርድ ምርጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋል። ድምፅሽን ስጪ፤ ግን ጉልበትሽን እዚያ አትጨርሺ።

ጉልበትሽ ለጥያቄው ይቀመጥ። አንድ ጥያቄ ብቻ። እኔ መጀመሪያ በሄድኩበት ጉባኤ ሦስት ጥያቄ አያይዤ ጠየቅኩ። ሰብሳቢው ቀላሉን መርጦ መለሰ፣ አመሰገነና ማይኩ ወደ ሌላ ሰው ሄደ። ሁለቱ ዋና ጥያቄዎቼ እንደወጡ ቀሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«የወደፊት ዕቅዳችሁ ምን ይመስላል?» አትበይ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ንግግር አላቸው። ይልቅ እንዲህ ዓይነቱን አስቢ፦ «ገጽ 41 ላይ አንድ ደንበኛ የገቢያችሁን 38 በመቶ እንደሚይዝ ተጽፏል። አምና 22 በመቶ ነበር። ውሉ የሚታደሰው መቼ ነው?» ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኳቸው። ገጽ አለው፣ ቁጥር አለው፣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ወረቀት ላይ ጻፊውና ጮክ ብለሽ ተለማመጂው። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም፤ ወረቀቱን እያየሽ አንብቢው።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ማን እንደመለሰ ተመልከቺ። አንድ ጊዜ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ አዛውንት ስለ ትልቁ ደንበኛ ውል ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፈተና ቆመ። ወደ ፋይናንስ ኃላፊዋ ዞረ። እሷ ስትጽፍበት የነበረውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሰብሳቢውን አየች። ሰብሳቢው «እየተነጋገርን ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልተጨመረም። ሪፖርቱ ላይ ግን «ከደንበኛችን ጋር ያለን ግንኙነት ጠንካራ ነው» ተብሎ ነበር። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፍኳቸው። ይሄ ከሪፖርቱ የማይገኝ ነገር ነው። ቤት ቁጭ ብለሽ ብታነቢ አታይውም።

ስብሰባው በኦንላይን ከሆነ ይሄ ሁሉ ይቀንሳል፤ ፊታቸውን በደንብ አታይም፣ ጥያቄም በጽሑፍ ተልኮ ተመርጦ ይነበባል። ያም ቢሆን ግቢ። ጥያቄሽን አስቀድመሽ ላኪና ተነበበ ወይስ ታለፈ የሚለውን መዝግቢ።

ስለ ሲቪው ያልኩሽን ላብራራው። ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ለባለቤቶች መልስ ለመስጠት ነው የቆመው። አንቺም ከባለቤቶቹ አንዷ ነሽ። ሲቪ ስትሰጪው በአንድ አፍታ ከጠያቂነት ወደ ለማኝነት ትወርጃለሽ፤ ጥያቄሽም ሥራ ለማግኘት የተደረገ ይመስላል። ይልቅ ሲያልቅ ቶሎ አትውጪ። አጠገብሽ ለተቀመጡት ባለአክሲዮኖች ራስሽን አስተዋውቂ። እንዲህ ያለ ትንሽ ጉባኤ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ ኩባንያውን ለዓመታት የተከታተሉ ናቸው። አንዳንዶቹ በሙያው ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። «የዛሬ አምስት ዓመት ምን ቃል ተገብቶ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸውና አዳምጪ። የፋይናንስ ኃላፊውን ካገኘሽው ስለ መልሱ አመስግኚውና ስምሽን ንገሪው። ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኮሪደር ላይ አንድ ሰው ለሕዝብ ያልተገለጸ ነገር ሹክ ቢልሽ፣ በዚያ ተነሥተሽ እንዳትገዢ፣ እንዳትሸጪ፣ ለሰውም እንዳትነግሪ። በብዙ አገር ወንጀል ነው። በአሜሪካማ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኩባንያዎች ጠቃሚ መረጃን ለተመረጡ ባለሀብቶች ለይተው እንዳይነግሩ የሚከለክል ደንብ አለ። ለመግባት በምትፈልጊው ሙያ ደግሞ እንዲህ ያለ ስህተት ገና ሳትጀምሪ ስምሽን ያጠፋዋል። የምትሠሪበት ቢሮ የኦዲት ድርጅት ከሆነም ይሄንን አክሲዮን መያዝሽን አሁኑኑ ለኃላፊሽ አሳውቂ። ኦዲት የሚያደርጉት ይሄንኑ ኩባንያ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በዚያው ምሽት፣ ሳትተኚ፣ ጻፊ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው ከምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ። ጥሬ ገንዘቡ ስንት ወር እንደሚያቆየው ከነስሌቱ። ጥያቄሽንና የተሰጠሽን መልስ በተናገሩት ቃል። ሐሳብሽን የሚያስቀይርሽ ምን ቢሆን እንደሆነም ጻፊ። ይሄ የመጨረሻው ቀጣሪዎች በጣም የሚፈልጉት ነው፣ ጀማሪዎች ግን ይዘሉታል። አናቱ ላይ ቀኑንና የኩባንያው አክሲዮን እንዳለሽ በግልጽ አስፍሪ። «ግዙ» ወይም «ሽጡ» ብለሽ አትጨርሺ፤ ያንን የማለት ፈቃድ ገና የለሽም።

የትንተና ሥራ ስታመለክቺ ከሲቪሽ ጋር የምታያይዢው ይሄንን ነው። «ኢንቨስትመንት እወዳለሁ» የሚል ማመልከቻ ሁሉም ይልካል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለ አንድ ኩባንያ ንገሪን» ስትባዪም ከዚያ ክፍል ያመጣሽውን ትነግሪያቸዋለሽ። በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሰሽ ሂጂና ቃል የተገባውን ከሆነው ጋር አወዳድሪ፤ ሁለተኛው ጽሑፍሽ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቅምሻል።

የአንድ ቀን ፈቃድ ነገ ጠይቂ፤ ከዓመት ፈቃድሽ ላይ ይቀነስ፣ ታመምኩ ብለሽ እንዳትቀሪ። ጥያቄሽን ስትጽፊ ላኪልኝ። ከጉባኤው በፊት አይቼ እመልስልሻለሁ።