ጥያቄ አለን፦ ፖላንድ በዓለም ዋንጫ ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ስትወጣ

(ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አባቴ ስለ 1974ቱ የዓለም ዋንጫ ሲያወራ «ፖላንድን ያሸነፋት ዝናብ እንጂ ጀርመን አይደለችም» ይላል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ በከፊል። በዚያ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ የሚባል ነገር አልነበረም። ከመጀመሪያው ዙር ያለፉት 8 ቡድኖች በሁለት ምድብ ተከፍለው እንደገና ይጫወታሉ፤ የየምድቡ አንደኞች ለዋንጫ፣ ሁለተኞች ለሦስተኛ ደረጃ ይገናኛሉ። ፖላንድ ስዊድንን 1 ለ 0፣ ዩጎዝላቪያን 2 ለ 1 አሸነፈች። ምዕራብ ጀርመን ደግሞ ዩጎዝላቪያን 2 ለ 0፣ ስዊድንን 4 ለ 2 ረታች። ጁላይ 3 ፍራንክፈርት ላይ ሲገናኙ ነጥባቸው እኩል ነው፤ የጎል ልዩነቱ ግን ለጀርመን 4፣ ለፖላንድ 2። ለጀርመን አቻ ይበቃታል፣ ፖላንድ የግድ ማሸነፍ አለባት።

ዝናቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከጨዋታው በፊት የወረደው ዶፍ ሜዳውን ኩሬ አደረገው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃውን በፓምፕ ሲመጥጡ የመጀመሪያው ፊሽካ ዘገየ። የአሠልጣኝ ካዚሚየሽ ጉርስኪ ቡድን ሕይወቱ መልሶ ማጥቃት ነው። ዴይና ከመሃል ወደ ክንፍ ይልካል፣ ላቶ በቀኝ፣ ጋዶቻ በግራ በሩጫ ይደርሱባታል። ይህ እንዲሆን ኳሷ መሬት ነክታ መንሸራተት አለባት። ውሃ ላይ ካረፈች ግን እዚያው ቀጥ ትላለች፤ ሯጩ አልፏት ሄዶ እስኪመለስ ተከላካዩ ደርሷል። በአየር ኳስ መሞከር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በግንባር የሚፈራው ሻርማክ ተጎድቶ አልተሰለፈም።

አባትዎ የሚዘነጉት ሌላ ሰው አለ፦ የጀርመኑ ግብ ጠባቂ ዜፕ ማየር። በመጀመሪያው አጋማሽ የላቶንና የጋዶቻን ኳሶች ያዳነው እሱ ነው። ከእረፍት በኋላ የፖላንዱ ግብ ጠባቂ ቶማሸቭስኪ የኡሊ ሄነስን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ በ76ኛው ደቂቃ ጌርድ ሙለር አገባና 1 ለ 0 አለቀ። የሙለር ጎል ባይኖርም እንኳ ጀርመን በ0 ለ 0 ታልፍ ነበር። ፖላንድ ከሦስት ቀን በኋላ ሙኒክ ላይ ብራዚልን በላቶ ጎል 1 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛ ወጣች።

ጥያቄ፦ ቶማሸቭስኪን «የሰርከስ ቀልደኛ» ብለው የሰደቡት በዚያው ውድድር ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ቀድሞ ነው። ኦክቶበር 17 ቀን 1973 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝ ለዓለም ዋንጫው ለማለፍ ፖላንድን ማሸነፍ ነበረባት። ስድቡ በክለብ አሠልጣኝነቱ የሚታወቀው የእንግሊዛዊው ብራያን ክላፍ ነው፣ በቴሌቪዥን ላይ። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ ላቶ መስመሩ አጠገብ ኳሷን ከኖርማን ሀንተር ቀማ፣ ለዶማርስኪ አቀበለ፣ ዶማርስኪም በእንግሊዙ ግብ ጠባቂ በሺልተን ሥር አሾልኮ አስገባት። ክላርክ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ ቢያደርግም 1 ለ 1 ለእንግሊዝ አልበቃትም። ቀልደኛ የተባለውም በቀጣዩ ዓመት በአንድ ዓለም ዋንጫ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፣ አንዱን ከስዊድኑ ታፐር፣ ሌላውን ከሄነስ።

ጥያቄ፦ ላቶ በዓለም ዋንጫ 7 ጎል ነው ያለው ወይስ 10?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው። በ1974 ብቻ 7 አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በ1978 ሁለት፣ በ1982 አንድ ጨመረ፤ ድምሩ 10።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ጎበዝ ከሆኑ በዚያ ዘመን ለምን በትልልቅ የአውሮፓ ክለቦች አላየናቸውም?

መልስ፦ ስላልተፈቀደላቸው። የጊዜው የፖላንድ መንግሥት ተጫዋች ወደ ውጭ እንዲሄድ የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ 30 ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ማለትም ጉልበቱ ማለቅ ሲጀምር ነበር። ዴይና የሠራዊቱ ክለብ የሌጊያ ሰው ስለነበር ማንቸስተር ሲቲ የደረሰው በ1978፣ በ31 ዓመቱ ነው። ላቶ በ1980 በ30 ዓመቱ ወደ ቤልጅየሙ ሎከረን ሄደ። በ26 ዓመቱ ዩቬንቱስ የገባው ቦኒየክ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። ዴይና በ25 ዓመቱ፣ የሙኒክ ኦሎምፒክን ወርቅ ባስገኘበት በ1972 ቢለቀቅ ኖሮ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ማንም «ማን ነው?» ባላለ ነበር።

ጥያቄ፦ በ1982 ቦኒየክ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ለምን አልተጫወተም? በአሁኑ ሕግ ቢሆን ይሰለፍ ነበር?

መልስ፦ ሁለት ቢጫ ካርድ ሞልቶበት ነው። ሦስት ቡድኖች በነበሩበት የሁለተኛው ዙር ምድብ፣ ካምፕ ኑ ላይ ቤልጅየምን 3 ለ 0 ሲረቱ ሦስቱንም ያገባው እሱ ነው። ቀጥሎ ከሶቪየት ኅብረት ጋር 0 ለ 0 ተለያዩ፤ ሶቪየት ቤልጅየምን ያሸነፈችው 1 ለ 0 ብቻ ስለሆነ አቻው ለፖላንድ በቃ። ሁለተኛውን ቢጫ ያየው በዚህ ጨዋታ ነው። ያለ እሱ ጣሊያን በፓኦሎ ሮሲ ሁለት ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ፖላንድ ፈረንሳይን 3 ለ 2 ረትታ እንደገና ሦስተኛ ሆነች።

ብዙዎች ከ2010 ጀምሮ የመጣው ሕግ ያድነው ነበር ይላሉ። አያድነውም። ከሩብ ፍጻሜ በኋላ የሚሰረዘው ነጠላ ቢጫ ነው። ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ባለው ጨዋታ ሁለተኛውን ያየ ሰው ያኔም ዛሬም ተመልካች ነው።

ጥያቄ፦ በሞስኮ ኦሎምፒክ እሸቱ ቱራ ነሐስ ሲያገኝ ያሸነፈው ፖላንዳዊ ነበር መሰለኝ። ማን ነው?

መልስ፦ ብሮኒስዋቭ ማሊኖቭስኪ። በ1980 በ3000 ሜትር መሰናክል በ8 ደቂቃ ከ09.70 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ በ8፡12.48 ሁለተኛ፣ የኛው እሸቱ በ8፡13.57 ሦስተኛ። ባዪ ከመጀመሪያው ጥሎ ሄዶ ነበር፤ ማሊኖቭስኪ የራሱን ፍጥነት ጠብቆ በመጨረሻው ዙር ደረሰበት። በዚህ ሩጫ 28 መሰናክልና 7 የውሃ ዝላይ አለ፤ የወንዶቹ መሰናክል 91.4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፣ ሲነኩትም አይወድቅም። እግሩ የዛለ ሯጭ እርምጃውን አስተካክሎ መድረስ ያቅተዋል፤ ከእንጨቱ ፊት ይቆራርጣል፣ ውሃው ላይም አጥሮ ያርፋል። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ልዩነት በመጨረሻዎቹ መሰናክሎች የሚበላው በዚህ ነው። ማሊኖቭስኪ በ1976 ሞንትሪያል ላይም ብር አግኝቷል፤ ኢትዮጵያና ታንዛኒያ ያንን ኦሎምፒክ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ስላልተካፈሉ ሦስቱ ያኔ ሊገናኙ አልቻሉም። ከሞስኮው ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ በመኪና አደጋ ሞተ።